38 ፐርሰንት ወጣብኝ፤ ሌባ ልባል ነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የመመረቂያ ጽሑፌ በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ላይ ነው። ለዲፓርትመንት ከማስገባቴ በፊት ልየው ብዬ በቴሌግራም ለሚሠራ ልጅ 200 ብር ከፈልኩና ተርኒቲን በሚባለው፣ ጽሑፍ ከሌላ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን በሚመረምረው ሶፍትዌር ውስጥ አስገባልኝ። 38 ፐርሰንት ወጣ። ዲፓርትመንቱ የሚለው ከ20 በታች ነው። ደነገጥኩ። ኮፒ ፔስት አላደረግኩም፤ ጽሑፎቹን እያየሁ ቃላቱን እየቀየርኩ ነው የጻፍኩት። የምስጋና ገጼ ራሱ ቀለም ተቀብቷል! ጓደኛዬ ፓራፍሬዝ በሚያደርግ (ቃላቱን በሌላ ቃል በሚቀይር) ሶፍትዌር አሳልፊው፣ ወደ 10 ይወርዳል ትላለች። 9 ቀን ነው የቀረኝ። ምን ትመክረኛለህ? ደግሞስ ቀድሞ ማስመርመር ራሱ ጥፋት ነው እንዴ?»

ሪፖርቱንም አያይዛ ልካልኛለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ተረጋጊ። ድሬ በዚህ ሙቀት እንኳን ጭንቀት ተጨምሮበት እንዲሁም አያስተኛም። «ትመክረኛለህ» ማለትሽ ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ የድሬ ልጅ መሆንሽ በዚያው ታወቀ። ድሬ ትልቅ ሰውን አንቱ ለማለት ቸኩላ አታውቅም።

ሥራዬ የተማሪ ጽሑፍ ማረም ነው። የመመረቂያ ሰሞን ሲመጣ እንዲህ ያለ ሪፖርት ስከፍት ነው የምውለው። ያንቺን ከፍቼ ገጽ በገጽ አየሁት። ወሬውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ከ38ቱ ውስጥ 26 ያህሉ ምንም አይደለም። 12ቱ ግን ችግር ነው። እና የጓደኛሽን ምክር ከሰማሽ ችግር የሌለበት 26 እንዳለ ይቀርና ችግር ያለበት 12 ይባስ ይበላሻል።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ተርኒቲን ሌባ አይዝም። ኩባንያው ራሱም ሶፍትዌሩ የሚያሳየው መመሳሰልን እንጂ ፕላጃሪዝምን (የሰው ጽሑፍ መስረቅን) እንዳልሆነ ይናገራል። ጽሑፍሽን ይከታትፈውና ከሦስት ክምችት ጋር ያመሳክረዋል፦ ከክፍት ድረ ገጾች፣ ከታተሙ የምርምር ሥራዎች፣ ሌሎች ተማሪዎች ከዚህ ቀደም ካስገቧቸው ጽሑፎች። የገጠመውን ቀለም ይቀባል። የገጠሙትን ቃላት ለጠቅላላው አካፍሎ ፐርሰንት ያወጣል። በቃ። ምንጭ ጠቅሰሽ ይሁን፣ ሆን ብለሽ ይሁን፣ ሳታውቂ ይሁን፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ያንን የሚያውቀው ሪፖርቱን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ነው።

ቀለሙም ሰው ያስደነግጣል። እስከ 24 ድረስ አረንጓዴ፣ ከ25 እስከ 49 ቢጫ፣ ከ50 እስከ 74 ብርቱካናማ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። ያንቺ ቢጫ ነው። ግን አረንጓዴ የወጣለት ሁሉ ንጹሕ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ጽሑፍሽ 10,000 ቃል ቢሆን 4 ፐርሰንት ማለት 400 ቃል ነው። 400 ቃል አንድ ሙሉ ገጽ ይሞላል። አንድ ሙሉ ገጽ ከአንድ ሰው ላይ አንስቶ 4 ፐርሰንት የወጣለት ተማሪ አይቻለሁ፤ እየሳቀ ነበር የመጣው። 30 ወጥቶበት አንድም የሰው ነገር ያልነካም አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ያንቺን እንተንትነው። ጽሑፍሽ ወደ 10,000 ቃል ነው። ቀለም የተቀባው 3,800 ገደማ።

ትልቁ ቁራጭ የሬፈረንስ ዝርዝርሽ ነው፤ 12 ፐርሰንት። ይህ መግጠም ያለበት ነው። አንድን ጽሑፍ ሺህ ሰው ቢጠቅሰው ሺውም ያንኑ የደራሲ ስም፣ ያንኑ ዓመት፣ ያንኑ ርዕስ ነው የሚጽፈው። ካልገጠመ እንዲያውም ተሳስተሽ ጽፈሻል ማለት ነው።

ከዚያ የመጠይቅሽ ቅጽ፤ 4 ፐርሰንት። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ከማለት ሌላ ምን ትያለሽ?

የሽፋን ገጽ፣ ምስጋናና መግለጫ አንድ ላይ 2 ፐርሰንት። እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚያስቀኝን ነገር ልንገርሽ። በሪፖርትሽ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀለም የተቀባው ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ አየሽ? «ይህ ጽሑፍ የራሴ ወጥ ሥራ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚለው። «የራሴ ነው» ያልሽበት ዓረፍተ ነገር የሰው ሆኖ ተገኘ! ዲፓርትመንቱ የሰጠሽ ቅጽ ነው፤ የሁሉም ተመራቂ ጽሑፍ ላይ አለ። በዚህ የሚጠይቅሽ የለም።

የሜቶዶሎጂ ምዕራፍሽ 5 ፐርሰንት አምጥቷል። ስንት ሰው እንደምትጠይቂ ያሰላሽበት የናሙና ቀመርሽ ያው የታሮ ያማኔ የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) ነው። ለመሆኑ እዚህ አገር ያችን ቀመር ሳይጠቀም የተመረቀ ሰው አለ? ቀመሩና ዙሪያውን ያለው ማብራሪያ ከመቶ ጽሑፍ ጋር ይገጥማል። ይህን ማሳጠር ትችያለሽ። ቀመሩን አስቀምጪ፣ ምንጩን ጥቀሺ፣ የራስሽን ቁጥር አስገቢና እለፊ። ናሙና ምን ማለት እንደሆነ ግማሽ ገጽ ማብራራት አያስፈልግም። ፈታኞችሽ ያውቁታል።

የጥናቱ አካባቢ መግለጫ 3 ፐርሰንት። ወደሱ እመለሳለሁ፤ ለብቻው ማውራት ይፈልጋል።

እስካሁን 26 ሆነ። የቀረው 12 ሊትሬቸር ሪቪው ውስጥ ነው፤ ሌሎች የጻፉትን የዳሰስሽበት ምዕራፍ። 1,200 ቃል ያህል። ሥራሽ እዚያ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ማጣሪያው። አንድ ጽሑፍ በሁለት ቦታ ተመርምሮ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊወጣለት ይችላል። ሲስተሙ ሬፈረንስን እንዲዘል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን እንዲዘል፣ በጣም አጫጭር የገጠሙ ሐረጎችን እንዲዘል ማድረግ ይቻላል። የቴሌግራሙ ልጅ አንዱንም አልነካም፤ ጥሬውን ነው የላከልሽ። ዲፓርትመንትሽ ሬፈረንስ አስወጥቶ የሚያይ ከሆነ ያንቺ 38 በአንድ ጠቅታ ወደ 26 አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት አማካሪሽን የምትጠይቂው ጥያቄ ይህ ነው፦ «20 የምትሉት ሬፈረንስና ጥቅስ ወጥቶ ነው ወይስ ሳይወጣ?» ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ተማሪው ሁሉ ስለ ቁጥሩ ይጨነቃል እንጂ ቁጥሩ በምን እንደተለካ አይጠይቅም። አንዱ ትምህርት ክፍል 15 ይላል፣ ሌላው 20፣ ሌላው 25። መለኪያው ካልታወቀ ሦስቱም ባዶ ቁጥር ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሪፖርቱ በስተቀኝ የምንጮች ዝርዝር ታያለሽ። አንደኛው የኬንያ ተማሪ ጽሑፍ ነው። «ወላሂ ይህን ጽሑፍ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» ብለሽኛል። አምንሻለሁ። ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ከጽሑፍሽ ጋር የሚገጥመውን እንጂ አንቺ የወሰድሽበትን አይደለም። አንቺም ኬንያዊውም ከአንድ ሦስተኛ ጽሑፍ ወስዳችሁ ይሆናል። ወንድማማቾች በአባታቸው እንደሚመሳሰሉት ነው። አባትየው ማን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ ልጅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ተርኒቲን አካውንቱን የሚሸጠው ለተቋማት ነው። ስለዚህ በቴሌግራም «ቼክ እናደርጋለን» የሚሉት ልጆች ከሆነ ቦታ ባገኙት የሰው አካውንት ነው የሚሠሩት። ያንን አካውንት የሚያስተዳድረው ሰው የገባው ጽሑፍ ክምችት ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጎት ከሆነ ጽሑፍሽ እዚያ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንትሽ ያንኑ ጽሑፍ ሲያስገባ ከራሱ ጋር ይገጥማል። 38 አይደለም፣ 90 ምናምን ነው የሚወጣው። ምንጩ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አንቺ ሰምተሽው የማታውቂው አገር ያለ ትምህርት ቤት ስም ይሆናል። ይህ የደረሰበትን ልጅ አውቃለሁ። የራሱን ጽሑፍ ከራሱ ሰረቅህ ተብሎ ሁለት ሳምንት ሲያስረዳ ከረመ። ማስጠፋት ይቻላል እንዴ ካልሽኝ፣ ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው ጽሑፉ የገባበት አካውንት መምህር ወይም አስተዳዳሪ ነው። ልጁ ማንን አግኝቶ ያስጠፋልሻል?

ስለዚህ አሁኑኑ ልጁን ጠይቂው፦ «ክምችት ውስጥ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም?» አይቀመጥም ካለ ስክሪንሾት ያሳይሽ። ቢያሳይሽም ባያሳይሽም ለአማካሪሽ ቀድመሽ ንገሪ። የተላከልሽን ሪፖርት ቀኑ እንዳይጠፋ በፒዲኤፍ አስቀምጪ። «እንዲህ አድርጌ ነበር፣ በዚህ ቀን፣ ይኸው» በይ። ቀድሞ የተነገረ ነገር ስህተት ይባላል፤ በኋላ ሲገኝ ግን ስሙ ይቀየራል። መምህሩ ያንን ምንጭ ከሪፖርቱ ላይ ማስወጣት ይችላል፤ ግን ማወቅ አለበት።

በነገራችን ላይ ሶፍት ኮፒሽ አሁን እዚያ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። ለሌላ ተማሪ ላለመሸጡ ምን ዋስትና አለሽ? መጨረሻው ላይ ያያያዝሽው ዝርዝርስ? የመላሾችሽ ስልክ ቁጥር አለበት። የደቻቱ ዳር እናቶች ስልካቸውን የሰጡት ላንቺ ነው። አውጪው። ለዲፓርትመንቱ ስታስገቢም አታስገቢው።

ቀድሞ ማስመርመር ጥፋት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ልብስ ሳይገዙ እንደመለካት ነው። ጥፋቱ የት እንደምታስመረምሪው ላይና ከዚያ በኋላ በምታደርጊው ላይ ነው። የኔን አስተያየት ከፈለግሽ ደግሞ፣ ተማሪን ወደ ቴሌግራም የሚገፋው የትምህርት ክፍሎች በራቸውን መዝጋታቸው ነው። ረቂቅ አስገብቶ ሪፖርቱን አይቶ እንደገና ማስገባት ሲስተሙ ይፈቅዳል። መምህሩ ከከፈተው ተማሪዋ እስከ ማስገቢያው ቀን ድረስ ደጋግማ ታስገባለች፤ አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል፣ ከራሷ ረቂቅ ጋርም አይገጥምባትም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሪፖርቶች ቶሎ ይወጣሉ፤ ከአራተኛው ጀምሮ 24 ሰዓት ያስጠብቃል። እንዲህ የሚሠሩ መምህራን አሉ። አብዛኛው ግን ሪፖርቱን የሚከፍተው ለመፍረድ ነው፣ በመጨረሻው ቀን። አማካሪሽን ይህንንም ጠይቂ። ቢበዛ «አይ» ይሉሻል።

አካውንት ባይኖርሽም የድሃ መንገድ አለ። ከምትጠራጠሪው አንቀጽ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ተከታታይ ቃል ውሰጂ። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ጉግል ላይ ፈልጊ። ቃል በቃል ከወጣ የሰው ነው። ብር አያስከፍልም፣ ጽሑፍሽም የትም አይቀመጥም።

እሺ፣ ወደ 12ቱ።

«ቃላቱን እየቀየርኩ ነው የጻፍኩት» ብለሻል። ችግሩ እሱው ነው። አሜሪካዊቷ የጽሑፍ መምህርት ሬቤካ ሙር ሃዋርድ ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስም አውጥታለታለች፤ ወደኛ ቋንቋ ሳመጣው ድሪቶ ጽሑፍ እለዋለሁ። የሰው ልብስ ነው፤ እዚህም እዚያም የራስሽን ጨርቅ ጥፈሽበታል። ሃዋርድ ይህን የምታየው እንደ ሌብነት ሳይሆን ገና እየተማረ እንዳለ ሰው እርምጃ ነው። እኔም እስማማለሁ። ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሆኖ ከዚያ እርምጃ ማለፍ አለብሽ።

በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፤ ነገሩ እንዲታይ ግን በአማርኛ ላሳይሽ። ምንጩን እኔው ፈጥሬዋለሁ፤ አንቺ ከጻፍሽው ብዙም አይርቅም። ምንጩ እንዲህ ይላል እንበል፦

«በከተማዋ የጎርፍ አደጋ እንዲባባስ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኞቹ የላይኛው ተፋሰስ ደን መመናመን፣ በወንዙ ዳርቻ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች መብዛትና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለመኖር ናቸው።»

አንቺ ደግሞ፦

«በከተማዋ የጎርፍ አደጋ እንዲከፋ ካደረጉት መንስኤዎች ዋና ዋናዎቹ የላይኛው ተፋሰስ ደን መራቆት፣ በወንዙ ዳር ያለ ፈቃድ የተገነቡ ቤቶች መበራከትና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እጥረት ናቸው።»

እያት። ስምንት ቦታ ነክተሻታል። ግን አጥንቷ ያው ነው። ሦስቱ ምክንያቶች በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ትንፋሽ። ደግሞም «አለመኖር»ን «እጥረት» ስትያት ትርጉሙ ተለወጠ። ደራሲው የለም ነው ያለው፤ አንቺ አለ ግን አይበቃም አልሽ። ቃል ስትቀይሪ የሰውየውን ሐሳብ አበላሸሽ። መጨረሻ ላይ ምንጭ መጥቀስሽ እዚህ አያድንሽም፤ የጠቀስሽው ያላለውን ነው።

አሁን እኔ እንዲህ እሞክራለሁ፦

«ደራሲው ጥፋቱን ለሦስት ያካፍለዋል። ሁለቱ፣ ማለትም የወንዝ ዳር ቤቶችና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጉዳይ፣ ከተማው በራሱ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ናቸው። የደኑ ነገር ግን ከተማው በማያዝበት ከፍታ ላይ ነው ያለው። እኔ ያነጋገርኳቸው የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ስለ ደን አላነሱም፤ ደጋግመው ያነሱት ማስጠንቀቂያውን ነው።»

ልዩነቱ ይታይሻል? እዚህ የሰውየው ሐሳብ የሰውየው ነው፤ ተጠቅሷል። ሁለት ለአንድ ብሎ የከፈለው ግን ጸሐፊው ነው። የራሱን መረጃም አጠገቡ አስቀመጠ። ሶፍትዌሩ እዚህ ቀለም የሚቀባው ነገር የለውም። ግን ለሶፍትዌሩ ተብሎ አልተጻፈም።

እንዴት ትደርሺበታለሽ? እኔ ተማሪዎቼን የማሠራቸው እንዲህ ነው። አንቀጹን አንብቢ። ወረቀቱን ገልብጪው፣ ወይም ላፕቶፑን ዝጊው። ከዚያ ለሆነ ሰው ተናገሪው። በእንግሊዝኛ አይደለም። አፍሽን በፈታሽበት ቋንቋ። ድሬ ላይ እንደሆነ አንድ ሰው በቀን ሦስት ቋንቋ ያወራል፤ በኦሮምኛ ይሁን፣ በሶማልኛ ይሁን፣ በአማርኛ ይሁን፣ ሐረር ያሉት ደግሞ በሐረሪ ይሁን፣ ግድ የለም። እናትሽ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ አስቀምጪያትና «ያኔ ጎርፉ ለምን እንደዚያ እንደጎዳን ታውቂያለሽ? አንድ ሰው እንዲህ ይላል» በያት። እሷ «ኧረ አቦ፣ ውሸቱን ነው!» ካለችሽ ደግሞ ወርቅ አገኘሽ፤ ለምን እንዳለች ጠይቂያት። ከዚያ የተናገርሽውን በእንግሊዝኛ ጻፊው። እንግሊዝኛው ቀላል ይሆናል። አይቆጭሽ። በሁለት ቋንቋ መካከል ያለፈ ሐሳብ የምንጩን ዓረፍተ ነገር ይዞ አይወጣም። በመጨረሻ ወረቀቱን ገልጠሽ ቁጥሮቹንና ስሞቹን አመሳክሪ፣ ምንጩን ጥቀሺ።

ለመናገር ካቃተሽ አንቀጹን አልተረዳሽውም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ሪፖርቱ ቀለም የሚቀባቸው ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዋ ምንጩ ያልገባት ቦታዎች ናቸው። የገባን ነገር ስንጽፍ የራሳችን ይመስላል። ያልገባንን ግን እንዳንሳሳት ብለን ጥግ ጥጉን ይዘን እንሄዳለን።

የጓደኛሽ ሶፍትዌር ለምን እንደማይሠራ አሁን ገባሽ ብዬ አስባለሁ። እሱ የሚያደርገው አንቺ ያደረግሽውን ነው፤ ቃል ይቀይራል። ልዩነቱ አንቺ ቢያንስ ርዕሱን ታውቂያለሽ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ካባናክ፣ ላቤና ማጋዚኖቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በታተሙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ያመረቷቸውን ሐረጎች ለቅመው አወጡ። «የተሠቃዩ ሐረጎች» ነው ያሏቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት «የውሸት ንቃተ ኅሊና» ሆኖ ተገኘ። የጡት ካንሰር «የጉያ አደጋ»። ሐኪም ቤት ሄዶ «የጉያ አደጋ አለብኝ» የሚል ሰው አስቢ። ያንቺ ጽሑፍ ውስጥ ድንገተኛ ጎርፍ፣ ተፋሰስ፣ የመመለሻ ዘመን የሚሉ የሙያ ቃላት አሉ። ሶፍትዌሩ አንዷን ቢነካ ፈታኙ ዲፌንስ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ይልሻል፤ አንቺም አታውቂውም።

ሌሎች ብልሃቶችም አሉ፤ እንዳትሞክሪያቸው ነው የምነግርሽ። ፊደል በሌላ አገር ተመሳሳይ ፊደል መተካት፣ በነጭ ቀለም የማይታይ ጽሑፍ መሰግሰግ። ሲስተሙ ሁለቱንም ለይቶ ለመምህሩ ምልክት ያደርግለታል። ያኔ «አላወቅኩም» ማለት አይቻልም።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚለውን አንቺ አልጠየቅሽም፤ ግን መምጣቱ አይቀርም። ተርኒቲን በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) በኤአይ የተጻፈ መስሎ የታየውን የሚለካ ሌላ ቁጥር ጨምሯል። ከመመሳሰሉ ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ አንዱ 5 ሆኖ ሌላው 60 ሊሆን ይችላል። በፓራፍሬዝ ሶፍትዌር ያለፈ ጽሑፍ እዚህኛው ላይ ሊያዝ ይችላል። ከዝናብ ሸሽቶ ወደ ደቻቱ መግባት ነው። ያም ሆኖ እነዚህ መመርመሪያዎች ይሳሳታሉ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ የራሱን መመርመሪያ በሐምሌ 2023 ዘግቶታል፤ ምክንያቱ ትክክል አለመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ፈትነው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው ጽሑፎች በአማካይ ከግማሽ በላዩን በስህተት የኤአይ እንዳሏቸው አሳይተዋል። ተርኒቲን ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም፤ ነገሩ ግን እኛን ይመለከተናል። ስለዚህ ማስረጃሽን አትጣይ። የተሞሉ መጠይቆችሽን፣ በእጅ የጻፍሽውን ማስታወሻ፣ የየቀኑን ረቂቅ ለየብቻ ስም ሰጥተሽ አስቀምጪ። «ረቂቅ 3»፣ «ረቂቅ 4» እያልሽ። በላዩ ላይ ሴቭ እያደረግሽ አትሂጂ።

የጥናቱ አካባቢ መግለጫ ለብቻው ማውራት ይፈልጋል ብዬ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ያችኑ አንቀጽ ይጽፋል፦ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 515 ኪሎ ሜትር፣ ከ9 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ እስከ 9 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ሰሜን፣ ባቡር የቆረቆራት ከተማ። ሐረር ላይ የሚጽፈው ደግሞ፦ አምስት በሮች፣ 82 መስጊዶች፣ 102 አድባራተ አውሊያ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ መዘገባት። እየቀባበሉት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ልጅ ፐርሰንት ለማውረድ ብሎ 515ን «ከአምስት መቶ በላይ» አድርጎ አምጥቶልኛል። አቦ፣ ኪሎ ሜትር ፓራፍሬዝ አይደረግም! ከተማዋም ከቦታዋ አትንቀሳቀስም።

ያንቺ ጥናት ስለ ጎርፍ ነው። ታዲያ ለጎርፍ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ስለ ባቡሩ ሦስት መስመር ምን ይሠራልሻል? ቁጥሮቹን አንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቢ፣ ምንጩን ጥቀሺ። የቀረውን ቦታ ለደቻቱ ስጪው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ ሰው ተሻግሮት የሚሄድ ወንዝ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው፣ ደንገጎ በኩል ዘንቦ ሌሊት ላይ ይመጣል። ከድልድዩ ላይ ቆመሽ የምታዪውን ጻፊ። የቤቶቹ በር ወደየት እንደሚመለከት ጻፊ። ይህን ኬንያዊው አልጻፈውም።

አንዲት ነገር ደግሞ እግረ መንገዴን አየሁ። በሊትሬቸሩ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ አንድ ቦታ «በ2006»፣ ሌላ ቦታ «በ1998» ብለሻል። አንዱ የአማርኛ ሪፖርት ስትተረጉሚ የመጣ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 1998 ብቻውን ሲቀመጥ ሌላ ጎርፍ ይሆናል። ከአማርኛ የተረጎምሽውንም ጥቀሺ። ሶፍትዌሩ አላየሽም ማለት የሰው አይደለም ማለት አይደለም።

ዘጠኝ ቀን ይበቃሻል። ነገ አማካሪሽ ዘንድ ሄደሽ ሁለቱን ጥያቄ ጠይቂ፣ የቴሌግራሙንም ነገር ንገሪ። ከዚያ አራት ቀን ለሊትሬቸር ሪቪው ብቻ። ቀለም የተቀቡት አንቀጾች አሥራ አንድ ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በቀን ሦስት። ጠዋት ጠዋት ሥሪ፣ ከሰዓት በሙቀቱ ማንም እንግሊዝኛ አይወጣለትም። ሁለቱን አንቀጾች ሙሉ በሙሉ ብታወጪያቸው ይሻላል፤ ገጽ 14 እና ገጽ 19 ላይ ያሉትን። ስለ ሕንድና ስለ ባንግላዴሽ ጎርፍ ናቸው፤ ገጽ እንዲሞሉ ነው የገቡት። ገጽ 17 ላይ ያለውን የአደጋ ተጋላጭነት ብያኔ ግን አትንኪው። ብያኔ በደራሲው ቃል መቀመጥ አለበት። ትእምርተ ጥቅስ ጨምሪ፣ የገጽ ቁጥር ጨምሪ፣ በቃ። ቀለም ቢቀባም ይቀባ። አንድ ቀን ለሜቶዶሎጂና ለጥናቱ አካባቢ። የቀረው ለዲፓርትመንቱ ምርመራና ለህትመት። ማተሚያ ቤት ሰልፍ እንዳለ አትርሺ።

የምስጋና ገጽሽን በተመለከተ። ቀለም የተቀባው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ «ከሁሉ አስቀድሜ ኃያሉን ፈጣሪ አመሰግናለሁ» የሚለው። ፈጣሪን በዚያው ቃል ያላመሰገነ ተመራቂ የለም፤ ተይው። ከሥሩ ያለችው ግን፣ እናትሽ ሌሊት ለገበያ ስትነሳ አምፖሉን እንዳታጠፋብሽ በስልኳ መብራት ትለብስ እንደነበር የጻፍሽባት፣ አንድም ቦታ አልገጠመችም። እሷን እንዳትነኪያት።